ማሽላው እስኪገባ ድረስ

አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው እዚህ ኖርዌይ፣ በርገን ውስጥ እንዲሁ አይለቀቅም። መንገዱ እንዴት ነው፣ ምን በላሽ፣ ማን አረጀ እየተባለ ሲጠየቅ ይከርማል። እኔን ግን ከተመለስኩ ወዲህ የጠየቀኝ የለም። ለምን እንደሄድኩ ስለሚያውቁ ያፍሩኛል። የእናቴን አገር ቀወትን አይቶ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማያይ ሰው በመካከላችን ብዙ ስለሆነ፣ ሳልጠየቅ ልናገር።

መርዶ ይዤ ነው የሄድኩት። ወንድሜ ጌታሁን እዚሁ በርገን የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን እንደተኛ ቀረ። ልቡ ነው አሉን። ቀበርነው፣ አለቀስንለት፣ ጥቁር ለበስን። እናታችን አስካለ ግን አልሰማችም። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ብቻዋን ማሽላና ማሾ እያሳረሰች ትኖራለች። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። እኛ ዘንድ ሞት የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚነገረው ሰው ማታ እህል መቅመሱ ታይቶ። የሸዋ ሮቢቱ አጎቴ ጋሼ ክፍሌ «አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም» አሉኝ። ፈቃድ እስካገኝ ኅዳር ገባ።

እስከዚያው እማዬ ስትደውል «የሱ ፈረቃ ከሰዓታችሁ አልገጥም ብሎት ነው» እያልኩ አሳለፍኩ። «ይሁን» ትለኛለች። ሌላ ምንም አትልም። እናቴ በ«ይሁን» የምታልፍ ሴት አይደለችም። ያ ቃል ከእንቅልፌ ያባንነኝ ነበር።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተነሣሁ። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ ሰው ተጠቅጥቆ ነው የወጣነው። በርገን ውስጥ አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ ሰዉ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፤ ጌታሁን ሁልጊዜ ይስቅባቸው ነበር። የኛ ሚኒባስ ደብረ ብርሃን ላይ ረዳቱ ዳቦ እስኪገዛ ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልተናገረውም፤ እንዲያውም ሁላችንም ወርደን ዳቦ ገዛን።

ጣርማበር ስንደርስ ጉም ዋጠን። ከመኪና ማለፊያው ዋሻ አፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ሞተሩ እህህ ብሎ ቆመ፤ ውረዱ ተባልን። ጉሙ እርስ በርስ አያስተያይም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ሹፌሩን ይመክራል፣ አንዷ ልጇን ታባብላለች። ከጀርባዬ ደግሞ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉ የጌታሁን ነው፤ መጀመሪያ አጠር፣ ቀጥሎ ረዘም። ዞር ስል ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ተቀምጧል። እኔም አየሁት፣ እሱም አየኝ። ሚኒባሱ እስኪነሣ ድረስ ከሰዉ መሀል አልወጣሁም።

ደብረ ሲና ያደርኩት እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ነው። ከመንገድ ዳር አራት ክፍል ያከራያሉ። ብርዱን ሲያዩ ከራሳቸው አልጋ ብርድ ልብስ ገፈው አመጡልኝ፤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። በርገን ሆቴል ውስጥ እንኳን የባለቤቱን ብርድ ልብስ፣ የባለቤቱን ፊትም አታዩም። ድንቹን ስልጥ እያዩኝ ቆዩና፣

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉኝ።

«እነማን?»

«የምትሄጂባቸው።»

ድንቹን አስቀመጥኩ። «እንዴት አወቁ?»

«ልቅሶ የሚሄድ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚወርደው። ጥቁር ለብሶ ብቻውን የሚወርድ መርዶ የያዘ ነው። ስንቱን አሳድሬያለሁ።» ተነሥተው ከሣጥን ቢጫ አበባ ያለበት ሻሽ አወጡ። «በይ ይሄን እሰሪ። ጥቁርሽን እዚሁ ተዪው። እንዲህ ሆነሽ ከገባሽ፣ አፍሽን ሳትከፍቺ ደጅ ላይ ትገያታለሽ።»

ጥቁሬን አጣጥፈው ከትራሳቸው ሥር አስቀመጡልኝ። እኔ እስክመለስ የኔን ኀዘን ተንተርሰው ሊተኙ ነው ብዬ አሰብኩና፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ረቡዕ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ አንዱ መታጠፊያ ላይ ጃኬቴን፣ ቀጣዩ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስገባ የማወልቀው አልቆ ነበር። በርገን ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ሰዉ ፀሐይ ያየ ቀን ሥራ ጥሎ ሣር ላይ ይጋደማል። እዚህ ሰዉ ከፀሐይ ተሸሽጎ ከሽንኩርት ጆንያ ጥላ ሥር ነው የሚጋደመው።

መነሃሪያው አጠገብ ማሾ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት እጄን ያዘችኝ። ዘይነባ ናት፣ የእማዬ የማሳ ጎረቤት የጋሼ ሰይድ ሚስት።

«የአስካለ ልጅ! መቼ መጣሽ? እናትሽ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጌታሁንም ሰላም ብሏችኋል» አልኩ። እንዲህ እያልኩ መዋሸት ለምዶብኝ ነበር።

«እሱንማ ትናንት ማታም ሰማነው» አለችና ዓይኗን ወደ ማሾው መለሰች።

«የት ሰማችሁት?»

«ማሳው ላይ ነዋ።» ገዢ ጠራት፤ ወደ ሚዛኗ ዞረች። ያን ሁሉ ሙቀት ተሸክሜ ቆሜ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ተነሣ።

ጋሼ ክፍሌ ዘንድ ሳልቀመጥ ይህንኑ ጠየቅሁ። የእናቴ ታናሽ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ብዙ የሚያወሩ ሰው። ያን ቀን ግን እግራቸውን ነበር የሚያዩት። «ነገ ሲመሽ ራስሽ ትሰሚዋለሽ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ሌላ ነገር አመጡ።

«ግሪሳ ወርዷል» አሉ። ግሪሳ ማለት በመንጋ የሚመጣ ትንሽ ወፍ ነው፤ ያረፈበትን ማሽላ አገዳውን ብቻ ትቶ ይሄዳል። «ዛሬ ብናረዳት መንደሩ ልቅሶ ይቀመጣል፣ ማሳ የሚጠብቅ አይኖርም። ግሪሳ ልቅሶ አያውቅም። ልጇን ያጣች ሴት የዓመት እህሏንም ትጣ?»

«ታዲያ መቼ ነው?»

«ማሽላው ይግባ። ነገ ሐሙስ ሰዉ አልተጠራም። አርብ እስላሙ አይወጣም፣ ቅዳሜና እሁድ ክርስቲያኑ አይወጣም። ሰኞ ደቦ ነው። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን።»

ተናደድኩ። «እስከዚያ እየሳቅሁ ልኑርላት?»

«ኑሪላት» አሉ ጋሼ ክፍሌ። «እኛ ከሐምሌ ጀምሮ ኖረንላታል።»

ሐሙስ

ወደ መንደር የሄድኩት በባጃጅ ነው። የወንዙን አሸዋ ስናቋርጥ ጎማው ሰመጠ። ወርጄ ስገፋ አንድ ጫማዬን አሸዋው ዋጠው፤ ቆፍረን ቆፍረን አጣነው። ሹፌሩ የራሱን ነጠላ ጫማ አውልቆ ሰጠኝና ባዶ እግሩን ነዳ። «የአስካለን ቤት በባዶ እግር አትገቢም» አለኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እማዬ አልተለወጠችም፤ ቀጥ እንዳለች ናት። ሳመችኝ፣ ሻሼን ነካ አድርጋ «ያምራል» አለች። ጌታሁን ይወደው የነበረውን የኖርዌይ ቡናማ አይብ ወስጄላት ነበር፤ ሙቀቱ አቅልጦት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። አሽትታ «ለልብስ ነው ለገላ?» አለችኝ። ሳሙና መስሏት ነው። ከልቤ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ መሳቄ አሳፈረኝ።

ስለ ልጄ ስለ ሶልያና ጠየቀችኝ። ስለ ባሌ ወገብ ጠየቀችኝ። ዝናቡን፣ የጎረቤቴን አሮጊትና የአሮጊቷን ውሻ እንኳ ሳትዘል ጠየቀች። ጌታሁንን ግን አልጠየቀችም። ምላሴ ላይ ያዘጋጀሁት ውሸት እዚያው ደረቀ። ከሚጠይቅ ሰው ይልቅ የማይጠይቅ ሰው እንዲህ ያስፈራል ብዬ አላውቅም ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰዓት እንደ ደረሰበት ሰው ተነሥታ ወደ ማሳው ሄደች። እኔ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ገባችና ጠፋች። ከዚያ ከማሳው መሀል ወንድሜ ጮኸ።

«ሃይ! ሃይ! ምን ልሁን ብለህ ነው! አስካለ ልጅ የላትም ያለህ ማነው! ሃይ!»

ወፉ እንደ ተራገፈ ምንጣፍ አቧራ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በላዬ አለፈ። ድምፁ ደገመው። አስካለ ልጅ የላትም ያለህ ማነው። በሁለቱ ጩኸት መሀል አንዲት ሴት ትስቃለች። ሳቁን የማውቀው መሰለኝ፤ የራሴ ሳቅ ነበር።

እማዬ ከአገዳው መሀል እጇን እያራገፈች ወጣች። «አትፍሪ» አለችኝ። «ወንድምሽ ነው። ነይ፣ እራት እንብላ።»

አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ

ቀን በብርሃን ሳየው ነገሩ ቀላል ነው። ማሳው መሀል ወፍ የሚጠበቅበት ከእንጨት የተሠራ ማማ አለ። ማማው ላይ በሶላር የሚሞላ ስፒከር ታስሯል። ስፒከሩ ውስጥ ሚሞሪ አለ፤ ሚሞሪው ላይ ጌታሁን አለ።

ልጅ ሆኖ የዚያ ማሳ ጠባቂ እሱ ነበር። ወንጭፍ ሳያነሣ በጩኸቱ ብቻ ወፍ ያባርር እንደነበር መንደሩ ያወራል። በርገን ከገባ በኋላ ጥቅምት ሲጠባ የኔ ወጥ ቤት ገብቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ ይጮኻል። ከላይ ያለችው አሮጊት ወለሉን በዱላ ትደበድባለች፣ ውሻዋ ይጮኻል፣ ሶልያና ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እኔ እስቃለሁ። እማዬ ሸዋ ሮቢት ሱቅ ሄዳ ሚሞሪ ላይ ታስጭነዋለች ማለቱን እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው። ያ የእኛ የዓመት በዓል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማኬሬል ዓሣ እንጠብሳለን። ማታ ማታ የሚያስፈራኝ ያ ሁሉ ደስታ ቀወት ማማ ላይ ታስሮ ሲጮኽ መስማቱ ነበር።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ ማታ አንዴ ትከፍተዋለች። ሦስቱንም ቀን ከእሷ ጋር ማማው ላይ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ጩኸቱ ሲያልቅ «ጉሮሮው ደረቀ» አለችና የውኃ ጆጉን ስፒከሩ አጠገብ አኖረችው። ለቀልድ ይሁን ለምር አላወቅሁም፤ ፊቷ አልሳቀም። ስወርድ ውኃው እዚያው ነበር። ማታ ስንወጣ ጎድሏል። ሙቀቱ ነው የጠጣው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ቀወት ውስጥ እንዲህ ብሎ ማመን አያስቸግርም።

ቅዳሜ ጋሼ ሰይድ ከማሳቸው ድንበር ላይ ጠሩኝ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ወፍ ድምፅ ይለምዳል፣ ልጄ» አሉኝ። «ያው ጩኸት ከሆነ በሳምንቱ ይንቀዋል። ለዚያ ነው ወንድምሽ በየዓመቱ አዲስ የሚልከው።»

«አዎ» አልኩ።

«ዘንድሮ ያለው የአምናው ነው። አዲስ አልመጣም። ወፉ ግን አልለመደውም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ እንደ ደነገጠ ነው።» ቀና ብለው ማማውን አዩ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ጠብቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። አላህ ያውቃል።»

እሁድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች። ወፉ እሁድ አያውቅምና ማታ ወጣን፤ ጌታሁንም ጮኸ።

ሰኞ

ደቦው ከንጋት ጀምሮ ደረሰ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ማጭዱን ይዞ። ጋሼ ክፍሌም ከከተማ መጡ። የደቦን ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ደቦ ጫጫታ ነው። አንዱ ያወርዳል ሌላው ይቀበላል፣ ሰነፉ ይሰደባል፣ ብርቱው ይወደሳል። በርገን ውስጥ ብቻውን ሥራ የሚሠራ ሰው ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ይሰካል፤ እኛ ዘንድ ሙዚቃው ሠራተኛው ራሱ ነው።

ያን ቀን ግን ማንም አልዘፈነም። የማጭድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከር፣ ከር፣ ከር። የሚሰደብም የሚወደስም የለም። ያኔ ገባኝ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ልጇ ለሞተባት ሴት እህል እያጨዱ መዝፈን ስላቃታቸው ዝም ብለው ያጭዳሉ። እማዬ ጠላ እያዞረች በዚያ ዝምታ መሀል ትመላለሳለች፤ አንድም ጊዜ «ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ?» አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ማማውን የከበበው ጥግ ብቻ ቀረ። ከታጨደው ሁሉ የሸሸው ወፍ እዚያው ላይ ያንዣብብ ጀመር። እማዬ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተችው። «አስካለ ልጅ የላትም ያለህ ማነው!» አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። ወፉ ተነሣና ወደ አዋሽ በኩል ሄደ፤ ሳይ ሳይ አልተመለሰም። ሰዉ ጎንበስ ብሎ የቀረውን አጨደ።

እማዬ ራሷ ማማው ላይ ወጥታ ስፒከሩን ፈታች። «በቃህ ልጄ» ስትል ሰማኋት። «ገብቷል።» ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ማታ እራት አቀረበች። ሌላ ጊዜ ሁለት ጉርሻ በልታ የምትነሣ ሴት፣ ያን ማታ እኔንና ጋሼ ክፍሌን እያየች ቀስ ብላ ሙሉ ድርሻዋን በላች። የመጨረሻውን ስትጎርስ ባዶ እጇን ዘርግታ መብላቷን አሳየችን። አጎቴ ውጭ ወጥተው ብዙ ቆዩ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ወጣሁ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ ጋሼ ሰይድና ዘይነባ ቆመዋል። ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚያዩት። እማዬ ከሁላችንም ቀድማ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። ታጥባለች። ነጠላዋን እንደ ልቅሶ አዘቅዝቃዋለች። ከፊቷ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ደርድራለች።

ጋሼ ክፍሌ «እትዬ...» አሉና ተያዙ።

«ተወው ክፍሌ» አለች። «ትንገረኝ እሷ።»

ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። ከሐምሌ ጀምሮ ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። «እማዬ፣ ጌታሁን...»

«አውቃለሁ። በሕይወት ያለ ልጄ ለወፍ አይተወኝም። ጥቅምት ሲገባ አዲስ ድምፅ ሲቀር አወቅሁ። የማላውቀውን ንገሪኝ። የመጨረሻ ቀኑን ከማን ጋር ዋለ?»

«ከእኛ ጋር። እሁድ ነበር። ከሶልያና ጋር ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ፤ ጠብሰን በላን፤ ስቆ አምሽቶ ቤቱ ሄደ። እዚያው ተኛ።»

«ስቆ?»

«ስቆ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ይለቀስለት» አለች። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። መንደሩ አምስት ወር ያፈነውን አብሯት ለቀቀው። እኔም ለቀቅሁት። ቀና ስል ባዶው ማሳ ላይ ግሪሳው ሰፍሮ ነበር፤ የወዳደቀውን ሳይለቅም ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሚያባርረውም አልነበረም።

መመለስ

ከሠልስቱ በኋላ ስነሣ እማዬ ስፒከሩን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥኗ ውስጥ ስታኖር አየኋት። «አላጠፋውም» አለችኝ። «ከእንግዲህ ግን አላስጮኸውም። ይረፍበት። ለከርሞ አንቺ ላኪልኝ።»

«እኔ መጮኽ አልችልም፣ እማዬ። የኔ ሥራ መሳቅ ነበር።»

«ትለምጂያለሽ።»

ደብረ ሲና እትዬ ብርቄ ጥቁሬን አጥበው፣ አጣጥፈው ጠበቁኝ። ሻሻቸውን ስመልስላቸው «ለሌላ ይሆናል» ብለው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት።

በርገን ስገባ እየዘነበ ነበር። ባለፈው እሁድ መስኮቱን ዘጋሁና ስልኩን አፌ ላይ ደቀንኩ። ድምፄ መጀመሪያ አልወጣም አለ። ቀጥሎ ግን በሙሉ ጉልበቴ ጮኽኩ፦ «ሃይ! አስካለ ልጅ የላትም ያለህ ማነው!» ከላይ አሮጊቷ ወለሉን ደበደበች። ውሻዋ ጮኸ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ልክ እኔ የምስቅበት ቦታ ላይ ሶልያና ሳቀች።

ላክሁት። ማታውን እማዬ ደወለች፤ እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች። «ይሁን» አለችኝ። ያን ሌሊት ግን ከእንቅልፌ አልባነንኩም።